ምርመራ የሚለው ዓምድ

ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፤
ዓሣ፤ ርዝመቱ የጣቴ ያህል፣ ቢበልጥም በጥፍር ቢጎድል፣
ቀለሙን አልኮል መጦት የገረጣ፣ የሻማ ጉራጅ የሚመስል።
አፉ ከአገጩ በታች ነው፤ ድንጋይ ለመሳም የተሠራ፤
አሁን የሚስመው መስተዋት፣ ዘጠና ምናምን ዓመት፣ ያለ ሥራ።

እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ከዚራ፣ በድሮ የባቡር ቤት፣
ጣሪያው ርቆ የተሰቀለ፣ ቬንትሌተሩ የቆመበት።
ሥራዬ መገልበጥ ነው፤ ያረጀውን መዝገብ ወደ አዲስ፣
ሰማያዊውን የፈረንጅ ቀለም፣ ምስጥ በልቶ ሳይጨርስ።

ቦታ፦ ደቻቱ፣ ከድልድዩ ሽቅብ፣ ዋርካ ያጠላበት ኩሬ።
ቀን፦ በፈረንጅ ሠላሳ አንድ፤ በኛ ሃያ ሦስት፣ ሰኔ።
ሰብሳቢ፦ ሙሴ ፌርናን፣ የባቡሩ ሐኪም።
(ሰብሳቢ ሲባል የቀበሌ ስብሰባ ነው የሚመጣብኝ፤
ሙሴው ዓሦቹን ወንበር አስይዞ አጀንዳ ሲያነብ ታየኝ።)
ያጠመደ፦ አንድ ልጅ።

በቃ። አንድ ልጅ።
ዓሣው በላቲን ሁለት ስም አለው፣ የዘሩና የራሱ፤
ልጁ ግን አንድም አልደረሰው፣ እስከ ጉልበቱ ለመራሱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ መዝገብ ሲገለበጥ ቦታ ይረጋገጣል።
ደቻቱ አሸዋ ነው። ከሰል የጫነ ግመል ያልፋል፣ ባጃጅ ያቋርጣል፤
ልጆች በድንጋይ ጎል ሠርተው ኳስ ይጠልዛሉ፤
«እዚህ ዓሣ ነበር?» ብላቸው፣
«ሰርዲን ነው?» ብለው ይስቃሉ።
ጫት ሻጯ መርቅኜ መስሏት፣ «ወንድሜ፣ ውሃ ጠጣ» አለችኝ፤
«ፀሐዩ ነው።»

ይህ ወንዝ ውሃ የለውም አይባልም።
በዘጠና ስምንት፣ በነሐሴ፣ ሌሊት፣ ውሃ ነበረው።
ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የዋርካው ጉቶ እንኳ የለም። ከግንቡ ሥር ግን አንዲት አሮጊት
ሎሚ በላስቲክ ላይ ደርድራለች፣ አራት አራት፣ አምስት አምስት።
አንቱ ብላት፣ «አንቺ በለኝ አቦ፣ ድሬ አይደል?» አለችኝ።
ብልቃጡን ከኪሴ አወጣሁ።
(ከመጋዘን ማውጣት ክልክል ነው። አወጣሁ።)
ወደ ፀሐይ ያዘችው፤ ነቀነቀችው፤ ዓሣው አንድ ዙር ዞረ፣
የሚሄድበት ያለው ይመስል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ አደረ።

«ወሪያ! ኢሄማ ሌባው ነው!
ልጅ ሆነን፣ ልብስ ስናጥብ፣ እግራችንን ስንነክር፣
መጥተው ተረከዛችንን ይለቅሙ ነበር፣
ይኮረኩሩን ነበር ወላሂ!
እኔ ስንፈራፈር በሳቅ፣ ሳሙናዬ በውሃ ሄደች፤
እናቴ በነጠላ ጫማ፣ እስክትደክም፣ ገረፈች።
በሱ ጦስ የተገረፍኩት፤ አስራችሁ አቆያችሁልኝ?»

«ስሙ ማን ነበር?» አልኳት።
«የዓሣ ስም ማን ይጠይቃል? እኔ ሙሂባ ነኝ፤ ጻፍ።»

ከመዝገቡ ቀኝ ጠርዝ አንድ ጠባብ ዓምድ አለ፤
«ምርመራ» ይላል ከላዩ። ሙሴው ባዶውን ትቶታል፤
ሆዱን በምላጭ ከፍቶ፣ መርምሮ፣ ሰፍቶ፣
የሚጽፈው አጥቶ።

እኔ ጻፍኩ፣ ፊደሌን አሳንሼ፣ መስመሩን እንዳያልፍ፦
እግር ይኮረኩራል። አንድ ሳሙና ይፈለግበታል።
ምስክር፣ ሙሂባ አብዱላሂ፣ ሎሚ ሻጭ።

«አንድ ልጅ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ።
ስም ልፈጥርለት ነበር። ተውኩት።
ቦታውን ሰፋ አድርጌ፣ የሚመጣ ሰው ካለ ብዬ፣ አለፍኩት።

ማታ በደንገጎ በኩል መብረቅ ይታያል፤ ድምፁ አይሰማም።
ብልቃጡን ወደ መደርደሪያው መልሻለሁ፤
አፉን ብቻ
ወደ ተራራው አዙሬዋለሁ።